ክፍያው ከተነሣ በኋላ፦ በሽግግር ላይ ባሉ አገሮች ትምህርትን ለሁሉም ለማዳረስ ከሥራው የተማርነው

ሥልጣን በምርጫ በተቀየረበት አገር አዲሱ መንግሥት ቶሎ ሊፈጽማቸው ከሚችላቸው ቃሎች አንዱ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ክፍያን ማንሣት ነው። መንገድ መሥራት ዓመታት ይፈጃል፤ ፍርድ ቤቶችን ማደስ ከዚያም ይረዝማል፤ ክፍያን ለማንሣት ግን አንድ መግለጫ ይበቃል። በዚህ ሥራ ላይ የቆየን ሰዎች ደጋግመን ያየነው ስህተት የሚጀምረው እዚሁ ላይ ነው። መግለጫው ይቀድማል፤ መምህሩ፣ መቀመጫውና ገንዘቡ በኋላ ይታሰባሉ። በዚህ የሚጎዳው ደግሞ ቀድሞም ከትምህርት ቤት ውጪ የነበረው የድሃ ልጅ ነው። ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀነው በትምህርት ሚኒስቴር፣ በአካባቢ ጽሕፈት ቤት፣ በወላጅ ኮሚቴ ወይም በረድኤት ድርጅት ተቀምጣችሁ ይህን ሥራ ለምትጀምሩ ነው። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ማላዊ በ1994 በመድብለ ፓርቲ ምርጫ መንግሥት ለወጠች፤ በዚያው ዓመት የመጀመሪያ ደረጃ ክፍያ ተነሣ። የተማሪው ቁጥር ከ1.9 ሚሊዮን ገደማ ተነሥቶ በአንድ ጊዜ ወደ 3 ሚሊዮን ተጠጋ። ወደ 20 ሺህ የሚሆኑ ያልሠለጠኑ መምህራን የጥቂት ሳምንታት ገለጻ ብቻ ተሰጥቷቸው ክፍል ገቡ። ልጆች ዛፍ ሥር ተማሩ፤ በመጀመሪያዎቹ ክፍሎች አንድ መምህር ከመቶ በላይ ልጅ ያዘ። ኬንያም በጥር 2003 አዲሱ መንግሥት በገባ በሳምንታት ውስጥ ክፍያን ስታነሣ ተማሪው ከ5.9 ሚሊዮን ገደማ ወደ 7.2 ሚሊዮን ገደማ ዘለለ። ሁለቱም አገሮች በሩን መክፈታቸው ትክክል ነበር። ያልተዘጋጀው ከበሩ ጀርባ ያለው ነው።

ለዝግጅት ስትቀመጡ መጀመሪያ የሚያሳስታችሁ አማካይ ቁጥር ነው። ባለ ስምንት ክፍል ትምህርት ቤት አስቡ፤ በየክፍሉ 50 ልጅ፣ በድምሩ 400። "ተማሪ በ40 በመቶ ይጨምራል" ተብሎ ሲታቀድ ብዙ ጊዜ በየክፍሉ 20 ልጅ እንደሚጨመር ተደርጎ ይሰላል። እውነታው እንዲህ አይመጣም። ከ160ዎቹ አዲስ ገቢዎች 110 ያህሉ አንደኛ ክፍል ይሰለፋሉ፤ ቀሪዎቹ ሁለተኛ፣ ሦስተኛና አራተኛ ላይ ይበተናሉ። ስምንተኛ ክፍል ያው 50 እንደሆነ ይቀራል። ስለዚህ አንደኛ ክፍል 160 ልጅ ይዞ ይከፈታል። ይህን በሦስት ምድብ ብትከፍሉት በአንድ ክፍል 53 ልጅ ይሆናል፤ ሁለት ተጨማሪ መምህርና ሁለት ተጨማሪ ክፍል ያስፈልጋል። ሁለት የመማሪያ ክፍል ካልተገኘ በፈረቃ አንድ ተጨማሪ ይበቃል፤ ሁለቱ መምህራን ግን የግድ ናቸው። አንድ መምህር ጠዋትም ከሰዓትም ካስተማረ ከጥቂት ወራት በኋላ በአንደኛው ፈረቃ መቅረት ይጀምራል። ፈረቃ ስታደርጉ ደግሞ የየቀኑን የትምህርት ሰዓት በጽሑፍ ወስኑ። ካልተወሰነ አራት ሰዓት የነበረው ሦስት፣ ከዚያ ሁለት ተኩል ይሆናል፤ ማንበብ ሳይለምዱ ወደ ሦስተኛ ክፍል የሚያልፉ ልጆች የሚበዙትም በዚህ ምክንያት ነው።

ትክክለኛውን ቁጥር የምታገኙት ምዝገባው ከመጀመሩ ሦስት ወር ያህል ቀደም ብላችሁ ቤት ለቤት በመቁጠር ነው። ቅጹ ከአንድ ገጽ አይብለጥ፦ የልጁ ስም፣ ጾታ፣ ዕድሜ፣ በእግር ስንት ደቂቃ እንደሚሄድ፣ ከዚህ በፊት ተምሮ እንደሆነ፣ ቤት ውስጥ የሚነገረው ቋንቋ። አንድ መምህርና አንድ የወላጅ ኮሚቴ አባል አብረው ቢዞሩ በቀን ከ25 እስከ 30 ቤት ይጨርሳሉ። ርቀትን በኪሎ ሜትር አትጠይቁ፤ በመካከል ያለውን ወንዝ ኪሎ ሜትሩ አያሳይም። "አካል ጉዳተኛ ልጅ አለ?" የሚለውም ጥያቄ ልጅ ያስደብቃል። ዋሽንግተን ግሩፕ የሚባለው የስታቲስቲክስ ባለሙያዎች ቡድን ባዘጋጀው አካሄድ፣ ልጁ ማየት፣ መስማት፣ መራመድ፣ ማስታወስ፣ ራሱን መርዳትና ከሰው ጋር መግባባት ምን ያህል እንደሚቸግረው መጠየቅ ይሻላል። ወላጅ እንዲህ ሲጠየቅ ይመልሳል፤ መነጽር ብቻ የሚበቃው ልጅ ስንት እንደሆነም ያኔ ይታወቃል።

በመክፈቻው ሳምንት ሁለት ዓይነት ልጅ በር ላይ ይቀራል። አንደኛው የልደት ምስክር ወረቀት የሌለው ነው። ተፈናቃይ፣ ስደተኛ፣ ያለ አባት ያደገ፣ ወይም እናቱ ቤት ውስጥ የወለደችው ልጅ ወረቀት የለውም፤ መዝጋቢው ደግሞ መመሪያ ካልደረሰው ይመልሰዋል። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ፍርድ ቤት ወረቀት የሌለው ልጅ እንዳይመለስ በግልጽ የወሰነው በታኅሣሥ 2019 ነው፤ ከመጀመሪያው ነፃ ምርጫ 25 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። እናንተ ያን ያህል አትጠብቁ። "በጊዜያዊነት ይመዝገብ፤ ማስረጃውን ለማግኘት ትምህርት ቤቱ ይርዳው" የሚል አንድ አንቀጽ በመጀመሪያው መመሪያ ውስጥ ይግባ። ሁለተኛው ዕድሜው ያለፈ ነው። የ12 ዓመት ልጅ ከስድስት ዓመት ሕፃናት ጋር ተቀምጦ ፊደል ሲቆጥር ያፍራል፤ ብዙውን ጊዜ በሁለተኛው መንፈቅ ዓመት አይመለስም። የሁለት ዓመቱን ትምህርት በአንድ ዓመት የሚሸፍን የተፋጠነ ክፍል ክፈቱለት፤ ከዚያ ሦስተኛ ክፍል ይቀላቀላል። ለዚህ ክፍል ያላችሁን ምርጥ መምህር መድቡ። አዲሱን ጀማሪ ከመደባችሁበት ክፍሉ ለስም ብቻ ይቆያል።

ክፍያን የሚያነሣው መመሪያ የተነሡትን ክፍያዎች አንድ በአንድ በስም ይጥራ። "የትምህርት ክፍያ ቀርቷል" ብቻ ከተባለ የመመዝገቢያ፣ የፈተና ወረቀት፣ የጥበቃ፣ የጥገና፣ የማጠናከሪያ ትምህርትና "በፈቃደኝነት" የሚሰበሰብ መዋጮ ሆኖ ይመለሳል። ርዕሰ መምህሩ ክፉ ስለሆነ አይደለም፤ ጠመኔ መግዣ ስለሌለው ነው። ስለዚህ ሁለት ነገር አብራችሁ ጻፉ፦ መዋጮ ያልከፈለ ልጅ ከክፍል አይወጣም፣ የውጤት ካርዱም አይያዝበትም፤ በተነሣው ክፍያ ምትክ ደግሞ ይህን ያህል ገንዘብ በዚህ ቀን ለትምህርት ቤቱ ይገባል። ሁለተኛው ከሌለ የመጀመሪያው አይከበርም።

የትምህርት ቤት ድጎማ የአብዛኛው ማሻሻያ መውደቂያ ስለሆነ እዚህ ላይ ረዘም አድርገን እንቆያለን። ኬንያ በ2003 ለአንድ ተማሪ በዓመት 1,020 ሺሊንግ መደበች፤ 650ው ለመማሪያ ቁሳቁስ፣ 370ው ለሥራ ማስኬጃ፣ በሁለት የተለያዩ የባንክ ሒሳቦች። መለያየቱ ጥሩ ነው፤ የመጽሐፉ ገንዘብ ለጣሪያ ጥገና አይሄድም። በተማሪ ቁጥር ብቻ ማከፋፈል ግን ገጠር ያለችውን ትንሿን ትምህርት ቤት ይጎዳል። 100 ልጅ ያላትም 1,000 ልጅ ያለውም ሰሌዳ፣ በር፣ መጸዳጃ ቤትና ለስብሰባ የመሄጃ ትራንስፖርት ያስፈልጋቸዋል። ከጠቅላላው ድጎማ 30 በመቶውን ለሁሉም ትምህርት ቤት እኩል፣ 70 በመቶውን በተማሪ ቁጥር ስታካፍሉ የሁለቱ ልዩነት ይጠባል። ምሳሌ እንስጥ፦ ሁለቱ ትምህርት ቤቶች 1,100 እጅ ድጎማ ቢካፈሉ፣ በቁጥር ብቻ ከሆነ ትንሿ 100 ትልቁ 1,000 ያገኛል። በ30/70 ቀመር ግን ትንሿ 165 እና 70፣ ማለትም 235 ታገኛለች፤ ትልቁ 165 እና 700፣ ማለትም 865 ያገኛል። ትልቁ ከሰባት አንድ እጅ ያህል ቢቀንስበትም ሥራው አይቆምም፤ ትንሿ ግን ከእጥፍ በላይ አግኝታ ትቆማለች።

በተማሪ ቁጥር የሚከፈል ገንዘብ መዝገብ ያሳብጣል። በሌለ ልጅ ስም ገንዘብ መጠየቅ በሁሉም ቦታ ይሞከራል። መድኃኒቱ በዓመት ሁለት ጊዜ ሳይነገር ሄዶ ስም ከመጥራት ይልቅ የተቀመጠውን ጭንቅላት መቁጠር ነው። መዝገቡና ቆጠራው ከአሥር በመቶ በላይ ከተራራቁ ምክንያቱ ይጠየቅ። ሆኖም ልጅ ስላቋረጠ ብቻ በዓመቱ መካከል ድጎማ አትቁረጡ፤ ያን ካደረጋችሁ ርዕሰ መምህሩ ማቋረጥን ይደብቃል፣ እናንተም መጠነ ማቋረጡን ጨርሶ አታዩትም።

የመጀመሪያው ክፍያ ትምህርት ከመከፈቱ በፊት ሒሳቡ ውስጥ ይግባ። በሦስተኛው ወር የሚደርስ ድጎማ ለርዕሰ መምህሩ እንዳልነበረ ነው፤ እስከዚያ ወይ በዱቤ ገዝቷል ወይ ከወላጅ ሰብስቧል። የበጀት ዓመቱና የትምህርት ዓመቱ በተለያየ ወር የሚጀምሩበት አገር ከሆነ የመጀመሪያውን ዙር ባለፈው ዓመት የተማሪ ቁጥር ልቀቁ፤ ልዩነቱን በሁለተኛው ዙር አስተካክሉ። ይህን አሠራር ከገንዘብ ሚኒስቴር ጋር በጽሑፍ ሳትፈራረሙ መግለጫው እንዳይወጣ የምትችሉትን ሁሉ አድርጉ። ለድርድሩ የሚረዱ ሁለት ነገሮች አሉ። ዓለም አቀፉ የኢኮኖሚ፣ የማኅበራዊና የባህል መብቶች ቃል ኪዳን በአንቀጽ 14 ነፃና አስገዳጅ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት የሌለው ፈራሚ አገር በሁለት ዓመት ውስጥ ዝርዝር የሥራ ዕቅድ እንዲያወጣ ያስገድዳል። በ2015 በደቡብ ኮሪያዋ ኢንቾን ከተማ የተሰበሰቡ አገሮች ደግሞ ከአገር ውስጥ ምርት ከ4 እስከ 6 በመቶ፣ ወይም ከመንግሥት ወጪ ከ15 እስከ 20 በመቶ ለትምህርት እንዲመደብ ተስማምተዋል። እነዚህን ይዛችሁ ስትቀርቡ ክርክሩ "ይመደብ ወይስ አይመደብ" ከሚለው ወጥቶ "በስንት ዓመት ይድረስ" ወደሚለው ይዞራል።

ገንዘቡ ተልኮ መንገድ ላይ ሊቀር እንደሚችል ኡጋንዳ አሳይታለች። ከ1991 እስከ 1995 በተደረገ ክትትል ማዕከላዊው መንግሥት ከላከው የደመወዝ ያልሆነ ድጎማ በአማካይ 13 በመቶው ብቻ ነበር ትምህርት ቤት የደረሰው። ከዚያ በኋላ የሚላከው መጠን በጋዜጣ መውጣትና በትምህርት ቤቱ ግድግዳ መለጠፍ ጀመረ፤ በ2001 የሚደርሰው ከ80 በመቶ አለፈ። ለውጡን ጋዜጣው ብቻ አላመጣውም፤ የአላላኩ ሥርዓትም ተስተካክሏል። ወላጁ ቁጥሩን ማወቁ ግን ትልቅ ኃይል ሆኗል። ማስታወቂያውን ስትለጥፉ አራት ነገር በቂ ነው፦ ስንት ተላከ፣ በየትኛው ቀን፣ ለስንት ተማሪ፣ እስካሁን በምን በምን ወጣ። ወላጆች በሚናገሩት ቋንቋ፣ በእጅም ቢሆን በትልቁ ተጽፎ፣ ከርዕሰ መምህሩ ቢሮ ውስጥ ሳይሆን በበሩ ላይ ይለጠፍ። ማንበብ የማይችል ወላጅ ስላለ በስብሰባ ላይ በቃል ይነበብ። ቁጥሩ አልገጠመም የሚል ወላጅ ለማን እንደሚያመለክት ከታች ይጻፍ፤ የሚያመለክትበት አካል ደግሞ ገንዘቡን ከሚልከው ቢሮ የተለየ ይሁን።

ሥልጣን ወደ ታች ሲወርድ ሌላ ልዩነት ይወለዳል። ሀብታም ከተማ ብዙ ይሰበስባል፣ ድሃው ገጠር ጥቂት፤ "ትምህርት የአካባቢው ኃላፊነት ነው" ሲባል ልዩነቱ ሕጋዊ ይሆናል። ብራዚል ለዚህ ያገኘችው መላ ቢጠና ይጠቅማል። በ1988ቱ ሕገ መንግሥት ክፍለ ግዛቶችና ማዘጋጃ ቤቶች ከታክስ ገቢያቸው 25 በመቶውን ለትምህርት እንዲያውሉ ታዘዘ፤ ይህ ብቻውን ግን ድሃውን ከድህነቱ አላወጣውም፤ ከጥቂት ላይ 25 በመቶ ያው ጥቂት ነው። ስለዚህ በ1998 ሥራ የጀመረው ፉንዴፍ የተባለው ፈንድ በየክፍለ ግዛቱ ከተወሰኑ ታክሶች 15 በመቶውን አንድ ቋት ውስጥ አስገብቶ፣ መልሶ ባስመዘገቡት ተማሪ ቁጥር አከፋፈለ። ከቋቱ ቢያንስ 60 በመቶው ለመምህራን ክፍያ እንዲውል ተደነገገ፤ ከዝቅተኛው መጠን በታች ለሚያገኙ ማዕከላዊው መንግሥት ጨመረ። በ2007 ፉንዴብ ተብሎ ቅድመ መደበኛንና ሁለተኛ ደረጃን አካተተ፣ በ2020 ደግሞ በሕገ መንግሥቱ ቋሚ ሆነ። ልብ በሉ፣ ይህ ቀመር መንግሥታት ሲለዋወጡ የቆየው በሕገ መንግሥት ማሻሻያ ስለተጻፈ ነው። በሚኒስትር ደብዳቤ የቆመ ቀመር ከሚኒስትሩ ጋር ይሄዳል።

መምህራንን በሚመለከት ትልቁ ስህተት በስሜት እኩል ለማድረግ መቸኮል ነው። ደቡብ አፍሪካ ከ1994 በፊት በዘርና በግዛት የተከፋፈሉ ብዙ የትምህርት መሥሪያ ቤቶች ነበሯት፤ ወደ አንድ ብሔራዊና ዘጠኝ የክፍለ ግዛት መሥሪያ ቤቶች ተጠቃለሉ። የመምህር ተማሪ ጥምርታውን ለማመጣጠን ለመጀመሪያ ደረጃ 1 ለ40፣ ለሁለተኛ ደረጃ 1 ለ35 ተወሰነ። ትርፍ ሆነ የተባለው መምህር ወደ ድሃ ትምህርት ቤት ይዛወር፣ ካልፈለገ በጥቅማ ጥቅም ይሰናበት ተባለ። ብዙዎቹ ልምድ ያላቸው ገንዘቡን ተቀብለው ሄዱ፤ ከሄዱት ውስጥ የሒሳብና የሳይንስ መምህራን ነበሩ፤ ወጪው ከታሰበው በላይ ሆነ፤ ድሃዎቹ ትምህርት ቤቶችም የጠበቁትን መምህር አላገኙም። በፈቃድ ስንብት መጀመሪያ የሚወጣው ሌላ ቦታ ሥራ የሚያገኘው ነው፤ እሱ ደግሞ ከሁሉ በላይ የሚፈለገው ሰው ነው።

ከዚህ የተሻለው መንገድ የሥራ መደቡን ከሰውየው ነጥሎ ከትምህርት ቤቱ ጋር ማሰር ነው። መምህሩ ዝውውር ሲጠይቅ መደቡ እዚያው ይቀራል፤ እሱ የሚሄደው ሌላ ቦታ ክፍት መደብ ሲኖር ብቻ ነው። አዳዲስ ቅጥሮችን ደግሞ ከጥምርታው በታች ላሉ ትምህርት ቤቶች ብቻ ክፈቱ። ማንንም ሳትነቅሉ በአምስት ስድስት ዓመት ክፍተቱ ይጠባል። ለሩቅ ቦታ የሚሰጥ አበል ትንሽ ከሆነ ማንንም አያቆይም፤ በተግባር የሚያቆየው መኖሪያ ቤት፣ ደመወዝ ለመቀበል ሦስት ቀን መንገድ አለመሄድ፣ እና ከሦስት ዓመት በኋላ የመዛወር ዋስትና ነው። ሴት መምህራንን ለብቻ አትላኩ፤ ሁለት ሁለት አድርጋችሁ መድቡ። በትምህርት ቤቱ ውስጥ ያለውን ምደባም ተመልከቱ፦ አንደኛ ክፍል መቶ ልጅ ከጀማሪ መምህር ጋር፣ ስምንተኛ ክፍል 25 ልጅ ከአንጋፋው ጋር ከሆነ የትምህርት ቤቱ ጥምርታ በወረቀት ደህና ይመስላል፤ ልጆቹ የሚወድቁት ግን እዚያው አንደኛ ክፍል ነው። የመምህራን ማኅበሩን ደግሞ ቀመሩ ከመጽደቁ በፊት ጥሩ። ውሳኔውን በሬዲዮ የሰማ ማኅበር ይዘትህ ምን ያህል ጥሩ ነው ብሎ አይጠይቅም።

በሁለተኛው ዓመት ገደማ ክፍያው ባልተመለሰበትም ቦታ ልጆች በሌላ ወንፊት መበጠር ይጀምራሉ። ቺሊ በ1990 ወደ ዴሞክራሲ ስትመለስ 900 ያህል ደካማ ትምህርት ቤቶችን መርጣ መጽሐፍ፣ ሥልጠናና ማጠናከሪያ የሰጠችበት ፕሮግራም ጥሩ ጅምር ነበር። በ1993 ግን የመንግሥት ድጎማ የሚቀበሉ ትምህርት ቤቶች ከወላጅ ተጨማሪ ክፍያ እንዲጠይቁ የሚያስችለው ሕግ ተስፋፋ፤ መክፈል የሚችለውና የማይችለው በየራሱ ትምህርት ቤት ተለየ። ይህን ለመመለስ ረጅም ጊዜ ወሰደ። በ2008 ለድሃ ተማሪ የሚከፈለው ድጎማ ከፍ ተደረገ፤ ገንዘቡን የሚቀበል ትምህርት ቤት እነዚያን ልጆች እንዳያስከፍልና እንዳይመርጥ ተደነገገ። በ2015 ደግሞ ተጨማሪ ክፍያውና ምርጫው ራሱ በሕግ ቀስ በቀስ እንዲቀር ተወሰነ። ትምህርቱ ግልጽ ነው፦ የመንግሥት ገንዘብ የሚወስድ ትምህርት ቤት የስድስት ዓመት ልጅ በፈተና አይለይ፣ ወላጅን ቃለ መጠይቅ አያድርግ፣ የገቢ ማስረጃ አይጠይቅ። ቦታ ከጠበበ ለወንድምና እህት ቅድሚያ ሰጥታችሁ ሌላውን በዕጣ፣ በሰው ፊት አውጡ። ይህ በመጀመሪያው ሕግ ካልገባ በኋላ ለማስገባት ትውልድ ይፈጃል፤ የተጠቀሙት ወላጆች ድምፃቸው ከፍ ያለ ነውና።

የወላጅ ኮሚቴም እኩልነትን በራሱ አያመጣም። የደቡብ አፍሪካው የ1996 የትምህርት ቤቶች ሕግ በአስተዳደር አካሉ ውስጥ ወላጆች አብላጫ እንዲሆኑ አደረገ፤ በስብሰባ ድምፅ ክፍያ እንዲወስኑም ፈቀደ፤ መክፈል ያልቻለ ልጅ አይከልከል ቢባልም፣ ከፍ ያለ ክፍያው ራሱ ድሃውን ከበሩ አራቀው። በ2007 የድሃ አካባቢ ትምህርት ቤቶች ከክፍያ ነፃ መደረግ ጀመሩ። ለኮሚቴ ሥልጣን ስጡ፤ ልጅን የሚያስወጣ ሥልጣን ግን አትስጡ። ምርጫው በምስጢር ድምፅ ይሁን፤ ለባንክ ሒሳቡ ሦስት ፈራሚ ይኑር፤ ከሦስቱ አንዷ እናት ትሁን። ሥልጠናው ሁለት ቀን ይበቃል፤ ደረሰኝ ማንበብ፣ የባንክ ወረቀትን ከገቢና ወጪ መዝገብ ጋር ማመሳከር፣ ቃለ ጉባኤ መያዝ። ስብሰባው ወላጅ ከሥራ በሚመለስበት ሰዓት ካልተጠራ የሚመጡት ያው የተማሩት ናቸው።

ሥርዓተ ትምህርቱን በመጀመሪያው ዓመት ከሥሩ ለመቀየር የሚመጣባችሁን ግፊት ተቋቋሙ። ግፊቱ ከልብ ነው፤ የድሮው መጽሐፍ ሕዝብን የሚሰድብ ምዕራፍ ይዞ ሊሆን ይችላል። ለዚህ አጭሩ መንገድ ያንን ምዕራፍ ማውጣትና ተተኪ ጥራዝ ማተም ነው፤ ደቡብ አፍሪካም መጀመሪያ ያደረገችው የሚያስቀይመውን ይዘት ከሥርዓተ ትምህርቱ ማውጣት ነበር። ከዚያ ግን በ1998 ካሪኩለም 2005 የተባለውን ፍጹም አዲስ ሥርዓት አስጀመረች። ሐሳቡ ተማሪን ማዕከል ያደረገ ነበር፤ ይሁን እንጂ ቃላቱ የከበዱ፣ የመምህራኑ ሥልጠና አጭር፣ መጽሐፉ ጥቂት ነበር። ቤተ መጻሕፍትና የሠለጠነ መምህር የነበራቸው ሀብታም ትምህርት ቤቶች ተወጡት፤ የታሰበላቸው ድሆች ተንገዳገዱ። በ2000 ተገምግሞ እንዲከለስ ሆነ። መምህሩ ዝግጁ ባልሆነበት ቦታ መመሪያው ግልጽና ዝርዝር ሲሆን ድሃው ልጅ ይጠቀማል።

አዲስ መማሪያ መጽሐፍ ከጽሕፈት እስከ ክፍል ሁለት ዓመት ያህል ይወስዳል፤ ጽሕፈት፣ በክፍል ውስጥ ሙከራ፣ እርማት፣ ጨረታ፣ ኅትመት፣ ማጓጓዝ። ሙከራውን ለመዝለል አትሞክሩ፤ ስህተቱ በሚሊዮን ቅጂ ይባዛል። አራት ዓመት እንዲያገለግል ከፈለጋችሁ የውስጥ ወረቀቱ በካሬ ሜትር ከ70 እስከ 80 ግራም፣ ሽፋኑ 230 ግራም ያህል ይሁን፤ ከመቶ ገጽ በላይ ከሆነ በክር ይሰፋ። ቀጭን ወረቀት በርካሽ ታትሞ በየዓመቱ መተካቱ የበለጠ ያስወጣል። የማጓጓዣ በጀቱ እስከ ትምህርት ቤቱ በር ድረስ ይሁን፤ "ከአካባቢ ጽሕፈት ቤት ራሳቸው ይውሰዱ" የተባለ መጽሐፍ መጋዘን ውስጥ ያረጃል። ደቡብ አፍሪካ ሊምፖፖ ውስጥ በ2012 የትምህርት ዓመቱ ሲጋመስ መጽሐፍ ያልደረሳቸው ልጆች ጉዳይ ፍርድ ቤት ደርሶ መጽሐፍ የመማር መብት አካል ነው ተብሎ ተወስኗል። ርዕሰ መምህሩና አንድ ወላጅ ቆጥረው የሚፈርሙበት ደረሰኝ ከሌለ አታሚው ክፍያውን እንዳያገኝ ውል ውስጥ አስገቡ።

በቋንቋ ጉዳይ አንድ ነገር ብቻ እናሳስብ። በአፍ መፍቻ ቋንቋ ይማሩ ተብሎ ሲወሰን የመምህሩ ምደባና የመጽሐፉ ኅትመት በዚያው ቋንቋ አብሮ መታቀድ አለበት። እንዲሁም ቋንቋን መለየት ልጆችን ወደ መለየት እንዳይሻገር ተጠንቀቁ። ቦስኒያ ውስጥ ከ1995ቱ ሰላም በኋላ ተፈናቃዮች ሲመለሱ፣ በአንድ ሕንፃ ውስጥ በሁለት ሥርዓተ ትምህርትና አንዳንዴም በሁለት በር የሚገቡ "በአንድ ጣሪያ ሥር ሁለት ትምህርት ቤቶች" ተቋቋሙ። ጊዜያዊ መፍትሔ ነው ተብሎ ነበር፤ ዓመታት አለፉት። የቋንቋ ክፍለ ጊዜ ቢለያይ እንኳ ሒሳብ፣ ስፖርትና እረፍት አብረው ይሁኑ።

ሴት ልጆች በብዛት የሚቀሩት ከአምስተኛና ከስድስተኛ ክፍል በኋላ ነው። ባንግላዴሽ በ1991 ወደ ምርጫ ከተመለሰች በኋላ በ1994 በገጠር ለሁለተኛ ደረጃ ሴት ተማሪዎች በአገር አቀፍ ደረጃ የገንዘብ ድጋፍ ጀመረች። ሁኔታዎቹ ሦስት ነበሩ፦ 75 በመቶ መገኘት፣ በፈተና 45 በመቶ ማምጣት፣ ሳያገቡ መቆየት። ገንዘቡ በልጅቱ ስም በተከፈተ የባንክ ሒሳብ ነበር የሚገባው። ሌሎች ምክንያቶችም ቢያግዙ፣ በኋላ በሁለተኛ ደረጃ የሴቶቹ ቁጥር ከወንዶቹ በልጧል። ይህን ስትቀዱ የውጤቱን መስፈርት ቀለል አድርጉት፤ ደካማ ትምህርት ቤት የገባች ልጅ በመምህሯ ጥፋት ድጋፏን እንዳታጣ። መጸዳጃ ቤቱ ከውስጥ የሚዘጋ በርና ውኃ ይኑረው፤ ቁልፉ መምህራን ክፍል ከሆነ እንደሌለ ይቆጠራል።

ከለጋሾች ጋር ስትሠሩ ደመወዝ በፕሮጀክት ገንዘብ አትክፈሉ። ፕሮጀክቱ በሦስት ዓመት ያልቃል፣ መምህሩም አብሮ ይሄዳል። የለጋሽ ገንዘብ ለክፍል ግንባታ፣ ለመጽሐፍ የመጀመሪያ ኅትመት፣ ለሥልጠና ይሁን። ሁሉም ለጋሽ አንድ ዕቅድ፣ አንድ የሪፖርት ቅጽ ይቀበል፤ ያለበለዚያ ርዕሰ መምህሩ ማስተማሩን ትቶ ቅጽ ሲሞላ ይውላል።

የመጨረሻው ነገር ገና ከመጀመሪያው ቀን መሰላት ያለበት ነው። ኬንያ ውስጥ በ2003 አንደኛ ክፍል የገባው ማዕበል ስምንተኛ ክፍልን የጨረሰው በ2010 ነው፤ መንግሥት በ2008 የቀን ሁለተኛ ደረጃን የትምህርት ክፍያ መሸፈን ሲጀምር ይህ ሁሉ ልጅ እየመጣ ነበር። ዘንድሮ አንደኛ ክፍል የመዘገባችሁትን ቁጥር ወስዳችሁ በየዓመቱ የሚያቋርጠውን ቀንሱ፣ ስምንት ዓመት ወደፊት አስቀምጡት፤ ያን ጊዜ ስንት የዘጠነኛ ክፍል መቀመጫ እንዳለም አብራችሁ ጻፉ። ክፍተቱን የማለፊያ ነጥብ ከፍ በማድረግ ለመዝጋት የሚመጣው ሐሳብ ቀላል ይመስላል፤ የሚጣሉት ግን በ160 ልጅ ክፍል የጀመሩት ናቸው። ከተማ ውስጥ አንድ ትልቅ ሁለተኛ ደረጃ ከመገንባት፣ ራቅ ባሉት የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ግቢ ውስጥ በአራተኛው ዓመት ሁለት ሁለት የዘጠነኛ ክፍል መማሪያ መጀመር ይሻላል። ሴት ልጆች ቤታቸው እያደሩ ይቀጥላሉ፤ አሥረኛ ክፍሉን ደግሞ በሚቀጥለው ዓመት ታክሉበታላችሁ።